የወፍጮ ቤቱ ጎረቤት

ቆላ ላይ መስኮት ዘግቶ መተኛት አይቻልም። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ፣ በራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ ይዘጋታል፤ የግንቦትና የሰኔ ሌሊት ሙቀት ሰውን ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። በሩን ከፍቶ የሚተኛ አለ፣ አልጋውን በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ የሚዘረጋም አለ። በብርድ አገር ሰዎች የተጻፈው የጎረቤት ጩኸት ምክር ሁሉ መስኮት ከመዝጋትና መስታወት ከመደረብ ስለሚጀምር ለዚህ አገር ብዙ አይረባም። እዚህ ግቢው ራሱ መኝታ ቤት ነው፤ የጎረቤቱ ወፍጮ፣ የብየዳ ቤት ወይም ግሮሰሪም አልጋው ራስጌ እንደ ቆመ ይቆጠራል። «ሸጬ ልሂድ» የሚለው ሐሳብ ቶሎ የሚመጣውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚሟገተው ሐሳቡ ስሕተት ነው ብሎ አይደለም። አንዳንድ ቤት መሸጥ አለበት። ግን ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ጉዳይ ሳይጨርስ ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው ሦስት ጊዜ ይከስራል እላለሁ፤ ቤቱን በርካሽ ይሰጣል፣ በትንሽ ወጪ ሊስተካከል የሚችለውን ነገር በትልቅ ወጪ ይሸሻል፣ ምናልባትም ከሁሉ የተሻለውን ገዢ ሳያነጋግር ያልፋል።

ከድምፁ ጠባይ እንጀምር። ከአንድ ቦታ የሚነሣ ድምፅ፣ ለምሳሌ የወፍጮ ሞተር፣ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ጆሯችን «በግማሽ ቀነሰ» ብሎ የሚቀበለው ግን 10 ዴሲቤል ያህል ሲወርድ ነው። ከሞተሩ 10 ሜትር ላይ የሚተኛ ሰው ጩኸቱ በግማሽ እንዲቀልለት 30 ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ እንደገና በግማሽ እንዲቀልለት ደግሞ 100 ሜትር። በዚያው ሰፈር ከሁለት ግቢ ወዲያ ቤት ገዝቶ መግባት ስለዚህ ሽሽት ሊባል አይችልም። ሌሊት ነገሩ ይብሳል። ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ከላዩ ካለው አየር ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ ሊበተን የሚገባው ድምፅ ወደ መሬት ታጥፎ ይመለሳል። እንደ ራያ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ቀን የማይሰማው ሞተር ሌሊት ከሩቅ የሚሰማው ሌላው ነገር ሁሉ ጸጥ ስላለ ብቻ አይደለም፤ አየሩ ራሱ እየተሸከመ ስለሚያመጣውም ነው።

መከለያውንም ማወቅ ይበጃል። ድምፅን የሚያቆመው ክብደትና ድፍንነት ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ በደንብ ከተመረገ ብዙ ያቆማል፤ የቆርቆሮ አጥር ግን የሚከልለው ዓይንን ነው፣ ጆሮን አይከልልም። ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር መስኮቱ ክፍት ከሆነ ቤቱ በጠቅላላ የሚቀንሰው ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ድምፅ እንደ ውኃ በቀዳዳው ይገባልና። ብዙ ሰው የሚሞክረው የባሕር ዛፍ ወይም የኒም ረድፍ ጥላና ቅዝቃዜ ይሰጣል፣ ምንጩን ከዓይን ስለሚሰውርም ልብን ያሳርፋል፤ ድምፁን ግን እምብዛም አይነካውም። ለአልጋው ወይም ለሞተሩ ተጠግቶ የተሠራ፣ ሞተሩን ከተኛው ሰው እይታ የሚሰውር፣ ከሥሩም ከጎኑም ክፍተት የሌለው የብሎኬት ወይም የጭቃ አጥር ከአሥር ዛፍ ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ያለው ግን ከምንጩ ላይ ነው። የናፍጣ ወፍጮ ጩኸት ብዙው የሚወጣው ከጭስ ማውጫው ነው። ማርሚታው ከተቀየረ፣ ቱቦው ከመኝታው አቅጣጫ ወደ ሌላ ከዞረ፣ ሞተሩ የተተከለበት መሠረት ከግድግዳው ተለይቶ ከሥሩ ጎማ ከገባበት፣ የሚመጣው ለውጥ ሰፈር ከመቀየር አያንስም። ወጪው ከአንድ ቤት ሽያጭ የድለላና የማዘዋወሪያ ክፍያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ችግሩ ይህ መድኃኒት ያለው በጎረቤቱ እጅ መሆኑ ነው። ጩኸቱን ለመቀነስ ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር ግድ ይላል፤ የተጣላ ሰው ደግሞ አይነጋገርም።

እዚህ ላይ አንድ የምርምር ውጤት ማንሣት እፈልጋለሁ። በድምፅ መረበሽን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፤ አንዱን ሰው ከሌላው አብልጦ የሚያስመርረው ምን እንደሆነ ሲመረመር፣ የድምፁ ከፍታ የሚያስረዳው ከልዩነቱ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ቀሪውን ብዙውን ክፍል የሚወስኑት የሰውየው ተፈጥሯዊ ስሜታዊነት፣ ስለ ድምፁ ባለቤት ያለው አስተያየት፣ «ሊቀንሰው ሲችል ንቆኝ ነው» የሚለው ስሜት ነው። አማርኛችንም ይህን ያውቃል፤ ድምፅ፣ ጩኸት፣ ሁካታ፣ ረብሻ እያልን የምንለየው በከፍታው ሳይሆን በፍርዳችን ነው። የለቅሶ ቤት እንጉርጉሮ ሌሊቱን ሙሉ ቢሰማ ማንም ረብሻ አይለውም፤ የሠርግ ድንኳን ጭፈራም ጎረቤቱ ተጠርቶ ከበላበት ያው ነው። ያው ሙዚቃ፣ በዚያው ከፍታ፣ ከማይተዋወቁት ግሮሰሪ ሲመጣ ደም ያፈላል። ይህ ማለት የተረበሸው ሰው ቅዠት ነው የሚሰማው ማለት አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣቱ እውነት ነው። ግን ጠቡና ጩኸቱ እንደ ድርና ማግ ተያይዘው ስለሚሠሩ፣ ጠቡ ሲላላ ያው ሞተር የሚችሉት ሞተር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምንጩን መለየት ነው፤ ጩኸቱ የቦታው ነው ወይስ የሰው? ከወልድያ ወደ አላማጣና መቀሌ የሚወስደው ዋና መንገድ ቆቦን ሰንጥቆ ያልፋል። በመንገዱ ዳር ቤት ያለው ሰው ከከባድ መኪናው ጋር ሊደራደር አይችልም፤ ያ የቦታው ጠባይ ነው፣ ቤቱ ሲገዛም ሲሠራም የነበረ ነው፣ ምናልባትም ያንኑ ቤት ለሱቅና ለምግብ ቤት ተፈላጊ ያደረገው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ለመኖሪያ ፈላጊ ከመሸጥ ይልቅ ለንግድ ፈላጊ ቢቀርብ ጩኸቱ ራሱ ዋጋ ይሆናል። የወቅት ድምፅም አለ። ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፣ ወፍጮ ማሽላና ጤፍ ከገባ በኋላና በበዓል ዋዜማ ይበረታል። በአንድ ወር ምሬት የዓመት ቤት አይሸጥም። የሁለት ሳምንት ማስታወሻ፣ ማለትም ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ ስንት ሰዓት አበቃ፣ ከየት መጣ የሚል ቀላል ጽሑፍ፣ ከብስጭት የተሻለ ዳኛ ነው። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያን በተመለከተ፣ ቆቦ ክርስቲያንና ሙስሊም ተደባልቆ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች፣ ነገሩን ከጎረቤት ጩኸት ተራ አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ክስ የሚነሣበት ጉዳይ አይደለም። የማጉያው አፍ ወደ መኝታ ቤት የዞረ እንደሆነ የራሱ የእምነቱ ሽማግሌዎች በአክብሮት ቢጠይቁ አቅጣጫ ይስተካከላል፤ ከዚያ ያለፈው ግን ከሰፈሩ ጋር አብሮ የሚቀበሉት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንዳይፈጥርም ይከለክላል። የልኩን መመዘኛ ሲሰጥ ደግሞ የአገሩ ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ጠባይ እንዲታይ ይላል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ለእኛ ጉዳይ ወርቅ ነው። በገበያ ሰፈር ያለ ወፍጮ ቀን ቢጮህ በልማዱ ነው። ሰው በረንዳ ላይ በሚተኛበት አገር፣ በመኖሪያ ሰፈር መካከል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቢጮህ ግን ያው «የአገሩ ልማድ» ለተረበሸው ይመሰክርለታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ድምፅን ከብክለት ቆጥሮ ደረጃ እንዲወጣለት አድርጓል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በስልክ የሚለካ ዴሲቤል ለፍርድ ቤት የሚበቃ ትክክለኛነት የለውም፤ «ማርሚታው ከመቀየሩ በፊት ይህን ያህል፣ ከተቀየረ በኋላ ይህን ያህል» ለማለት ግን ይበቃል።

ሕጉ ግን መነሻ እንዳይሆን እመክራለሁ። ቢያስፈልግ የሚደገፉበት ግድግዳ ሆኖ ከጀርባ ይቁም። ራያ የሽምግልና አገር ነው፤ በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው ባህላዊ የእርቅ ሥርዓት የደም ጉዳይ ሳይቀር የሚያበርድ ነው። ለወፍጮ ጩኸት ያን ያህል ክብደት ያለው ነገር አያስፈልግም፤ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሁለት ሦስት ሰዎች በቂ ናቸው። አቀራረቡ ነው የሚወስነው። «ጩኸትህን አቁም» የተባለ ሰው እንጀራውን የነኩበት ይመስለዋል። «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሚታውን ለመቀየር ከወጪው ይህን ያህል እንካፈል» የተባለ ሰው ግን የሚመልሰው ነገር አለው። የተስማሙበትም በአንድ ገጽ ወረቀት ሰፍሮ፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመውበት ይቀመጥ።

ተቃውሞው ይታወቃል። ሽማግሌ ለኃይለኛው ያዳላል፤ ባለ ወፍጮው ገንዘብ አለው፣ ሰፈሩ ሁሉ እህሉን የሚያስፈጨው እሱ ዘንድ ነው፣ ማን ይቃወመዋል? የተረበሸችው ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ተከራይ ልትሆን ትችላለች። ይህ እውነት ያለበት ሥጋት ነው፣ ሽምግልና ሁሉ ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም። የምለው የማስታወሻውና የሕጉ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ መሆኑን ነው። ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይዛ የምትመጣ ሴት አቤቱታዋ ከቁጣ ወደ ማስረጃ ይለወጣል፤ ሽማግሌዎቹም እምቢ ከተባሉ ጉዳዩ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ እንደሚችል ሲያውቁ ቃላቸው ይጠነክራል። ባለ ወፍጮው ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጋር መጋጨትን ከማንም በላይ የሚፈራው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሽያጩ። በቆቦ ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን ካየ በኋላ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል። ስለ ግቢው ወሰን፣ ስለ ውኃው፣ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ የሚጠይቀው እዚያ ነው። የሚያንኳኳው በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው የጩኸቱ ባለቤት በር ነው። የታረቀ ጎረቤት «ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው» ይላል። የተጣላው ደግሞ ዝም ቢል እንኳ ዝምታው ይናገራል፤ ገዢው ያንን ዝምታ በብር አስልቶ ከዋጋው ይቀንሰዋል። ደላላውም ያውቃል። ጩኸት ዋጋ እንደሚቀንስ አልክድም፤ ነገር ግን ጩኸትን ማየትና መለካት ስለሚቻል ገዢ ልክ ያበጅለታል፣ ጠብ ግን ወሰኑ ስለማይታወቅ አብዝቶ ይፈራዋል። ከዚህ ሌላ፣ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፣ የሚሸጠው ቤቱ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። የነባር ይዞታ ባለቤት ሆኖ ጩኸት ሸሽቶ ሸጦ ሌላ ነባር ቤት የሚገዛ ሰው እንግዲህ ቤት በቤት ለወጥሁ ቢልም የያዘውን መብት ዓይነት ነው የለወጠው። ሒሳቡን ሲሠራ ይህን መርሳት የለበትም።

በሒሳቡ ውስጥ የማይገባ ነገርም አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ በወሎ ቅሬ የሚባለው። ቅሬ ሬሳ ማንሻና ድንኳን መትከያ ብቻ አይደለም። ሰው የታመመ ዕለት ቀድሞ የሚደርስ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የማይታዘዝን የሚያገልል የሰፈር ሥልጣን ነው። ሰፈር የሚለቅ ሰው የዓመታት ቅሬውን ትቶ በአዲሱ ሰፈር እንግዳ ሆኖ ይጀምራል። ለወጣት ቤተሰብ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። ለሰባ ዓመት ሰው ግን ከጩኸቱ የከበደ ኪሳራ ነው፤ ልጆቹ «አባባ፣ እንሽጠውና ጸጥ ያለ ቦታ እንውሰድህ» ሲሉ ያልቆጠሩት ይህንን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የማይታሰበው አማራጭ ሌላ ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሮናልድ ኮዝ፣ ኋላ በ1991 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በወጣበት በ1960 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ አንድ የቆየ የለንደን ክርክር አንሥቷል። ጣፋጭ ሠሪ ሰው በወጥ ቤቱ በትላልቅ ሙቀጫ ይወቅጥ ነበር፤ አንደኛው ሙቀጫ ከ60 ዓመት በላይ እዚያው ሠርቷል። አጠገቡ የገባ ሐኪም ከግቢው ጫፍ፣ ልክ ከሙቀጫው ግድግዳ ጥግ፣ የሕሙማን መመርመሪያ ክፍል ሠራና በጩኸቱ ምክንያት ከሰሰ፤ በ1879 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ለሐኪሙ ፈረደ። የኮዝ ትዝብት ከፍርዱ በኋላ ያለውን ይመለከታል። ሁለቱ ያለ ብዙ ድካምና ወጪ መነጋገር ከቻሉ፣ ፍርዱ ለማንም ቢሰጥ ቦታው የሚያድረው አብልጦ በሚጠቀምበት ሰው እጅ ነው፤ አንዱ ለሌላው ከፍሎ ይስማማሉ። ፍርዱ የሚወስነው ማን ለማን እንደሚከፍል ነው። ይህን ወደ ቆቦ ስናመጣው፣ ከወፍጮ ቤት አጠገብ ያለውን ግቢ ከማንም አብልጦ የሚፈልገው ማን ነው? መኖሪያ ፈላጊ ገዢ ጩኸቱን ቆጥሮ ዋጋ ይቀንሳል። ለባለ ወፍጮው ግን ያ ግቢ የእህል መጋዘን፣ የአህያ ማቆሚያ፣ የሁለተኛ ወፍጮ ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ዳግመኛ የማይከስሰው ጎረቤት ነው። ከእሱ የሚገኘው ዋጋ ጩኸት ያልተቀነሰበት ዋጋ ሊሆን ይችላል። እኔ እስከማየው ድረስ የዕርቅ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የተጣላ ጎረቤት ገዢ ሆኖ አይመጣም፣ ቢመጣም በሌላ ሰው ስም፣ በርካሽ ለመግዛት ነው።

ሌላ ገዢ ከተገኘ ደግሞ ማስረዳት ይቀራል። «ቤቱን ላሳይ እንጂ ጉዱን ለምን ልንገር? እኔ ስገዛ ማን ነገረኝ?» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። መልሱ የደግነት ብቻ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለተሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢው የሚያውቀውን ወይም ግልጽ ሆኖ የታየውን ጉድለት ከዋስትናው ያወጣል፤ በቁጥር 2296 ደግሞ ጉድለቱን በማታለል የሸሸገ ሻጭ «ዋስትና የለብኝም» የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባም እንደማይጠቅመው ይደነግጋል። የጎረቤት ድምፅ የቤቱ ጉድለት ነው ወይ የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ይሁንና ሞተሩ በማይሠራበት ሰዓት ብቻ ቤቱን ያሳየ፣ ሲጠየቅም «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው» ያለ ሻጭ በቁጥር 1704 የማታለል ክስ አፍ ላይ ቆሟል። የተነገረው ጉድለት ግን ሻጩን ይጠብቀዋል፤ አንድ ጊዜ ገዢው ካወቀው ወዲያ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ገዢው በምሽትም፣ በሌሊትም እንዲያይ ይጋበዝ። ከተቻለ ከነፍራሹ ይምጣና አንድ ሌሊት በረንዳው ላይ ይደር።

መሸጥ ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ግን መሸሸግ አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት መኝታ ክፍል ውስጥ ሌሊት ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የሚመክረው በከንቱ አይደለም፤ የተቋረጠ እንቅልፍ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ልብን ይጎዳል። ቤት ውስጥ የልብ ሕመምተኛ ወይም አራስ ካለ፣ ሽማግሌው ተልኮ፣ ማርሚታው ተለውጦ፣ አጥሩ ተሠርቶ እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ ቅሬም ሆነ ዋጋ ሰውን እዚያ ሊያቆየው አይገባም። ያን ጊዜም ቢሆን የሚደረገው ያው ነው። ከጎረቤቱ ጋር የተፈረመው ወረቀት ሞተሩ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ይናገራል፤ የሽያጩ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ውል አዋዋይ ፊት ሲቀርብ ያ ወረቀት ከካርታው ጋር ተያይዞ ለገዢው ይሰጣል፤ ገዢውም ፊርማውን ሲያኖር የወፍጮውን ሰዓት አውቆ ነው።